ስንት ፊልድ አየሽ?

ባለፈው ገና ሐዋሳ ነበርኩ። ቤቴን ካየሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ዶሮው ተበልቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ ተቀድቷል። ሳሎናችን በጎረቤት ጢም ብሏል። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሎ በእጄ የሚያፍሱልኝ እትዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስኒያቸውን መለሱና፣ "እሺ ልጄ፣ ፈረንጅ አገር መሬት ውስጥ ገብታችሁ ነገር ትፈልጋላችሁ ሲሉ ሰማሁ። ለመሆኑ ምን አገኛችሁ?" አሉኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ያያል። እናቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቀረች።

"ሂግስ የሚባል ቅንጣት አገኘን" አልኩ። በዓለም ላይ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ክብደት ከየት እንደሚያገኙ የሚያሳይ ትልቅ ግኝት ነው ብዬ አስረዳሁ። እትዬ እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አንድ ጎረቤታችን ከተቀመጡበት ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

ሂግስ መገኘቱ ይፋ የሆነው ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ካርዴን የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። "አገኘን" ባልኩት ነገር ውስጥ የእኔ እጅ የለበትም። የዶክትሬት ሥራዬ ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ለፍቼበታለሁ። በዚያ ሥራ ያገኘሁት ደግሞ ምንም ነው።

አባቴ ጥግ ላይ፣ የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እልልታው ሲቀልጥ አላጨበጨበም። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። አባቴን አውቀዋለሁ። መነጽሩን እንዲያ አድርጎ የሚጠርገው ያየውን ነገር ማመን ሲያቅተው ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሳስብ አደርኩ። "ማግኘት" በእኛ ቋንቋ ከባድ ቃል ነው። ሰው ሥራ ያገኛል፣ ገንዘብ ያገኛል፣ የትዳር ጓደኛ ያገኛል። ያገኘ ሰው የተሳካለት ነው፤ ያጣ ሰው ደግሞ ድሃ ነው። ፊቱ የጠቆረ ሰው ስናይም "ምን አገኘህ?" እንላለን፤ ምን ደረሰብህ ማለታችን ነው። እትዬ በአንድ ጥያቄ ሦስቱንም የጠየቁኝ መሰለኝ። ምን ደረስሽበት? ምን ይዘሽ መጣሽ? ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? በዚያ ሳሎን፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት "ምንም አላገኘሁም" ማለት አልቻልኩም።

ከሐዋሳ ሻሸመኔ የሚያህል ቀለበት

የምሠራበትን ሰርን፣ የአውሮፓን የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋልና አላበዛም። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ 100 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ አጥፋችሁ ክብ አድርጉት፤ ያንን ያህላል። በዚያ ቀለበት ውስጥ ፕሮቶኖች፣ የአቶም እምብርት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ በአንድ ሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራሉ። ግማሾቹ በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሾቹ በተቃራኒው ይሄዱና አራት ቦታ ላይ ይጋጫሉ። ከግጭቱ የሚወጣውን ፍንጣሪ ፎቅ የሚያካክሉ መሣሪያዎች ይቀዱታል። ከትልልቆቹ አንዱ አትላስ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 25 ሜትር ነው። ሌላው ሲኤምኤስ በቁመት ያንሳል፣ ግን 14 ሺህ ቶን ይመዝናል። እኔ የምሠራው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው።

ቤተሰቦቼ ነጭ ጋውን ለብሼ ዋሻ ውስጥ የምውል ይመስላቸዋል። ማሽኑ ሲሠራ ግን ጨረር ስላለ ዋሻው ውስጥ ሰው አይገባም። እኔም የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ለጥገና ሲቆም። ቀኔ የሚያልፈው ላፕቶፕ ላይ ነው። ጠዋት 18 ቁጥር ትራም ይዤ እሄዳለሁ፣ ኮድ እጽፋለሁ፣ ኮዱ በየአገሩ በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሮጥ ልኬው እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ግማሹ ወድቆ ይጠብቀኛል። አስተካክዬ ደግሜ እልካለሁ። ስብሰባ አለ፤ በጣም ብዙ ስብሰባ አለ። አንዷን ግራፍ ሰላሳ ሰው ያያትና አርባ ጥያቄ ይጠየቅባታል። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ሁሉ እኔን መጥላት ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እዚያ ሥራሽን ያከበረ ሰው ይጠይቅሻል።

የሌሊት ፈረቃም አለ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። የመቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ነው። የፕሮቶን ጥቅሎቹ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፣ ግን ድምፅ የለም። ቁጥር ብቻ ነው የሚያልፈው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ሲከብድ እናቴ የላከችልኝን በሶ በቴርሞስ ካፕ በጥብጬ እጠጣለሁ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያልኩ ስንቱን ሌሊት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የማሽኑ አጥንት

እኔ የምፈልገው ነገር እንዲህ ነው። በግጭቱ የሚፈጠሩ ከባድ ቅንጣቶች አብዛኞቹ እዚያው በተወለዱበት ቦታ ይፈርሳሉ። ግን ትንሽ ረዘም ያለ ዕድሜ ያላቸው፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ወይም ከዚያም በላይ ተጉዘው የሚፈርሱ አዲስ ዓይነት ቅንጣቶች ሊኖሩ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አለ። ቢኖሩ ስለ ጨለማው ቁስ፣ በስበቱ እንጂ በዓይን ስለማይታወቀው ነገር፣ ፍንጭ ሊሰጡን ይችላሉ። ስለዚህ እኔ ከግጭቱ ቦታ ሳይሆን ከጎን፣ ከባዶ ቦታ ድንገት የሚነሱ መስመሮችን እፈልጋለሁ። መንገድ መሃል ላይ ድንገት ከሰማይ የወረደ የሚመስል ሰው እንደመፈለግ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አገኘሁ ብዬ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከቢሮው ሁሉም ሰው ወጥቶ፣ ስክሪኔ ላይ ነጥቦች በዙ። መኖር ከሚገባቸው በላይ ነበሩ። ልቤ ጆሮዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ኮዱን ደገምኩት፣ ነጥቦቹ አልሄዱም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። ለእናቴ ስደውል ድምፄ ስለተለወጠባት "ሰው አገኘሽ እንዴ?" ብላኛለች።

ለአማካሪዬ አሳየኋት። አልጮኸችም፣ አልተደሰተችም። "ነጥቦቹ የት የት እንዳሉ ልያቸው" ብቻ አለችኝ። እያንዳንዷን ነጥብ በመሣሪያው ውስጥ የተነሳችበት ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ የተበታተነ ጭረት ነበር። ነጥቦቹ ሲበዙ ክብ ወጣ። ከክቡ ውጪ ሌላ ክብ ወጣ። ቀጥሎ በክቦቹ መሃል ቀጫጭን መስመሮች፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ አንድ ባንድ ብቅ አሉ። እስከ ዛሬ ያ ምስል ከዓይኔ አይጠፋም። የማሽኑ የራሱ አጥንት ነበር። ቧንቧው፣ ድጋፉ፣ ብረቱ። ተራ የሆኑ ቅንጣቶች ሄደው የመሣሪያውን አካል ሲመቱ አዲስ ፍንጣሪ ይወጣል። ያ ፍንጣሪ ደግሞ ከባዶ ቦታ የተነሳ ይመስላል። አዲስ ፊዚክስ ያልኩት የማሽኑ ቧንቧ ነው።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2015 አትላስም ሲኤምኤስም በጥንድ የብርሃን ቅንጣቶች ውስጥ፣ 750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (በእኛ የክብደት መለኪያ) አካባቢ፣ ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ አይተው ነበር። ሙከራዎቹ "አገኘን" አላሉም፤ ያዩትን አሳዩ እንጂ። ዓለም ግን በአንድ እግሩ ቆመ። ምን ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጻፉ። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። የአጋጣሚ ጨዋታ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ተገኘ ለማለት አምስት ሲግማ ይጠየቃል። በአጋጣሚ ብቻ እንዲያ የመታየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ዝም ብለሽ ትቆጥሪያለሽ።

ሳጥኑ የተከፈተ ቀን

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና ከሥሩ ጀመርኩ። የማሽኑን አጥንት በሙሉ ካርታ አድርገን አወጣነው፤ ከዚያ የሚነሳን ነገር ሁሉ ጣልን። ቀጥሎ ደግሞ ዓይናችንን ሸፈንን። ይህ የሙያው ደንብ ነው። የምንፈልገው ነገር ሊኖርበት የሚችለውን የዳታ ክፍል እንዘጋዋለን። ማንም አያየውም። ማጣሪያው፣ ስሌቱ፣ ሁሉም ነገር ተጠናቅቆ በሌሎች ሰዎች ተመርምሮ ሲፈቀድ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሰው የሚመኘውን ማየት ይወዳል። እያየሽ ካስተካከልሽ ሳታውቂው ወደ ምኞትሽ ታስተካክያለሽ።

ያ የተዘጋው ዳታ፣ ሳጥኑ የምንለው፣ የተከፈተው ሐሙስ ከሰዓት ነው። አምስት ሰዎች በኦንላይን ስብሰባ ላይ ነበርን። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ትንሽ ቆየሁ። ሦስት ዓመት ከዚያ ቁልፍ ስር ተኝቷል። ተጫንኩት። ቁጥሩ ወጣ። ከተራው ነገር ይመጣል ብለን አስቀድመን ያሰላነው ቁጥርና ዳታው ውስጥ ያለው ቁጥር ተመሳሳይ ናቸው። ትርፍ የሚባል ነገር የለም።

"በጣም ጥሩ ሥራ ነው" አሉኝ ሁሉም። ከልባቸው ነበር። ስሌታችን ልክ እንደሆነ ታይቷል፤ ወረቀት ይወጣዋል። እኔ ላፕቶፑን ዘግቼ ካፌው በረንዳ ላይ ወጣሁ። ቀኑ ጥርት ያለ ስለነበር ሞንት ብላንክ በሩቁ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለእናቴ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ምን ብዬ ልንገራት? መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ሐዋሳ የገባሁት። ማሽኑ በፈረንጆች ገና ሰሞን ስለሚቆም የእኛን ገና ቤቴ ማሳለፍ ቻልኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ቸኮሌት ነበር። ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

ፍቅር ሐይቅ

በማግሥቱ አባቴ በጠዋት በሬን አንኳኳ። "ተነሺ፣ እንራመድ" አለኝ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየማለዳው ሐይቁ ዳር ይሄዳል። ፍቅር ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም። ውሃው ላይ ጭጋግ ነገር አለ። አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ከሌሊት የተመለሱ ጀልባዎች ወደ አሞራ ገደል በኩል ይቀዝፋሉ። አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይሄዳል፤ እኔ ከጎኑ። ለረጅም ጊዜ አላወራንም። ከዛፍ ስር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"ትናንት ያወራሽው የአንቺ ሥራ ነው?" አለኝ።

"አይደለም አባዬ። ከእኔ በፊት የተሠራ ነው።"

"የአንቺስ?"

"የእኔ..." አልኩና ውሃውን አየሁ። "ምንም አልተገኘም። ሦስት ዓመት ፈልጌ ምንም የለም።"

ዝም አለ። "አይዞሽ" ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ወደ እኔ ዞሮ፣ የሥራ ባልደረባውን እንደሚጠይቅ ሰው፣ ኮስተር ብሎ ጠየቀኝ።

"ስንት ፊልድ አየሽ?"

ይህን ጥያቄ ለመረዳት አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ሠላሳ ዓመት ያህል የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበር። ሐዋሳና አካባቢዋ ደግሞ ወባ ያውቃታል። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የላብራቶሪው ደጃፍ በሰው ይሞላል። ጋቢ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ግድግዳ ተደግፈው የተኙ። የእያንዳንዳቸው ጣት ይወጋል፣ ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ይቀለማል፣ ይደርቃል። ከዚያ ዘይት ጠብ ይደረግበትና በትልቁ ሌንስ ይታያል።

ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በርጩማ ላይ አቁሞ አሳይቶኛል። በአንድ ዓይኔ አጮልቄ ሳይ ክብ ብርሃን ውስጥ ሐምራዊ ነገር ብዙ ነው። "ቀለበቷን ፈልጊ። ቀይ ነጥብ ያለባት ሰማያዊ ቀለበት" አለኝ። ፈለግኩ። "አገኘሁ!" ብዬ ጮህኩ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይሄ የቀለም ዝቃጭ ነው። ቀለሙ በደንብ ካልተጣራ እንዲህ ያታልላል" አለኝ። ያን ጊዜ አኮረፍኩ። ሃያ ዓመት ቆይቼ፣ ስክሪን ላይ የማሽን ቧንቧ ሳይ፣ ያ ድምፁ ነው ትዝ ያለኝ።

በዚያ ክብ ብርሃን ውስጥ የሚታየው አንዱ ቦታ ፊልድ ይባላል። ስላይዱን ትንሽ ስትገፊው ሌላ ፊልድ ይመጣል። አንድ ወባ ካየሽ ፖዘቲቭ ነው፤ አንዷ ትበቃለች። ካላየሽ ግን "የለም" ብለሽ መነሳት አይቻልም። ቢያንስ መቶ ፊልድ ማየት አለብሽ። መቶ። ውጪ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ዓይንሽ እየቃጠለ፣ ባዶ የሆነ ነገር መቶ ጊዜ ታያለሽ። አባቴ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ግራ እጁ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ወደፊት ወደኋላ ያዞራል፣ ቀኝ እጁ ስላይዱን ይገፋል፣ ከንፈሩ ቁጥር ይቆጥራል። ማታ ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል። ያቀላው አብዛኛውን ጊዜ ያላየው ነገር ነበር።

"ስንት ፊልድ አየሽ?" ሲለኝ ታዲያ እያጽናናኝ አልነበረም። የሙያ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። የሥራሽ ጥራት ምን ያህል ነው ማለቱ ነበር።

ነገርኩት። እኔ የተጠቀምኩበት ዳታ ከ2015 እስከ 2018 እንደ ፈረንጆች የተሰበሰበው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ መሣሪያ ብቻ ከአሥር ሺህ ትሪሊዮን በላይ የፕሮቶን ግጭት አስተናግዷል። አባቴ ቁጥሩን ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። በጣቱ አሸዋው ላይ ዜሮዎቹን ጻፈ። አሥራ ስድስት ዜሮ። ትንሽ አያቸው።

"ሁለተኛው አንባቢሽ ማነው?" አለኝ ቀጥሎ። በእነሱ ጊዜ ከተነበቡት ስላይዶች የተወሰኑት ተመርጠው ሌላ ሰው ጋ ይላኩ ነበር። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ምን እንዳለ አይነገረውም። የእኛም እንደዚያ እንደሆነ ነገርኩት። ዓይናችንን ሸፍነን እንደሠራን፣ ሌሎች ሰዎች ኮዴን መስመር በመስመር እንደመረመሩት። ራሱን ነቀነቀ። "ጎሽ" አለ። ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ የሰማሁት ትልቁ ሽልማት ያ "ጎሽ" ነው።

ወሬው እዚህ ላይ ቢያበቃ የማጽናኛ ወሬ ይሆን ነበር። አባቴ ግን አልጨረሰም።

"ያን ሁሉ ግጭት አንድ በአንድ አያችሁት?"

"አይ። አይቻልም። በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚተላለፉት። ማሽኑ እዚያው በቅጽበት መርጦ በሰከንድ አንድ ሺህ ገደማውን ብቻ ያስቀምጣል። ሌላውን ይጥለዋል።"

"ይጥለዋል?" ፊቱ ተለወጠ። "ምን እያየ ነው የሚጥለው?"

አስረዳሁት። ማጣሪያው ትሪገር ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው በግጭቱ ቦታ ላይ ወዲያው የሚፈርሱ፣ ብዙ ጉልበት ያላቸውን ነገሮች እንዲይዝ ነው።

አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ መልሶ አጠፈው።

"እና አንቺ የምትፈልጊው ዘግይቶ የሚፈርስ ነው አላልሽኝም? ከጣላችሁት ውስጥ ቢኖርስ?"

እዚያ ድንጋይ ላይ ደንግጬ ቀረሁ። ጥያቄው አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። በሙያችን ውስጥ ይህ ጉዳይ በሰፊው ይወራል። በአዲሱ ዙር፣ በ2022 ማሽኑ እንደገና ሲነሳ፣ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቅንጣቶች ታስበው የተሠሩ ማጣሪያዎችም ገብተዋል። እኔ ግን ያን ነገር የማውቀው በስብሰባ ስላይድ ላይ ነበር። የራሴ ሥራ ቀዳዳ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ውጤቴን እንደ ውርደት ይዤው ስለነበር ቀርቤ አላየሁትም። ያፈሩበትን ነገር ማን ቀርቦ ያያል? ትናንት ማታ ሳሎን ውስጥ ሂግስን የተከናነብኩት ለዚያ ነው። ባዶው ውጤት ስር ምን ጥያቄ እንዳለ እንዳላይ ራሴን በሌላ ሰው ግኝት ሸፈንኩ።

"እኛ ወረቀቱ ላይ 'ወባ የለም' ብለን አንጽፍም ነበር" አለ አባቴ። "'ኖ ሄሞፓራሳይት ሲን' ነው የምንለው። አልታየም። እኔ በዚህ ስላይድ፣ በዚህ ሌንስ፣ ይህን ያህል ፊልድ አይቼ አላየሁም። ሐኪሙ ያንን ይዞ ሌላ በሽታ ይፈልጋል። ወይ ነገ ትኩሳቱ ሲነሳ ደግሞ ደም እንዲሰጥ ይልከዋል።"

እኛም የምንጽፈው ልክ እንደዚያው ነው። "ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ነገር አልታየም።" ከዚያ ቀጥሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቅንጣቱ ይህን ያህል ክብደትና ይህን ያህል ዕድሜ ኖሮት፣ ከዚህ በላይ በብዛት ሊፈጠር አይችልም እንላለን። ድንበር እናሰምራለን። ያን ድንበር አይቶ ቲዎሪ የሚሠራው ሰው ሐሳቡን ይጥላል ወይ ያስተካክላል። ያን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ትርጉሙ የገባኝ ግን አባቴ ሐይቅ ዳር በአማርኛ ሲነግረኝ ነው። አልታየም ማለት ስለ ዓለም ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም። ያየሁበትን ሌንስም አብሬ እየተናገርኩ ነው።

ስንመለስ ባጃጅ አልያዝንም። ቤት እስክንደርስ ስለ ትሪገር ሲጠይቀኝ መጣ።

እትዬ ጋ

በሦስተኛው ቀን እትዬ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። ቆጮ እየከተፉ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ያ ያወራሁት ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ያገኙት እንደሆነ፣ የእኔ ፍለጋ ምንም እንዳላገኘ። ከአፌ ሲወጣ የፈራሁትን ያህል አልነበረም።

ቢላቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

"ውሸት ነው የነገርሽን?"

"ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም እትዬ። ግን የእኔ አልነበረም።"

"እና አሁን ምን ታደርጊያለሽ?"

"እንደገና እፈልጋለሁ። በሌላ መንገድ።"

"እንግዲያስ ያበርታሽ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም፣ "እልልታዬን ግን አልመልስም፤ ስትመለሺ ይሆናል" አሉ። እኔ ሦስት ሌሊት ተብሰልስዬበታለሁ። እሳቸው ቆጮ ከትፈው ሳይጨርሱ ተቀበሉት። ሰዎቻችን "ምንም" የሚለውን ቃል አይችሉም ብዬ የፈረድኩባቸው እኔ ነበርኩ። ክረምት ሲዘገይ፣ ዘር ሲከሽፍ፣ ዓሣ ሲጠፋ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከእኔ ይልቅ ቃሉን ያውቁታል።

ልሄድ ስል በመጨረሻው ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና በሶ ትጠቀጥቃለች። አባቴ ጋ ተቀምጬ በስልኬ አንድ ነገር አወጣሁለት። ባለፈው ዓመት የወጣ የሙከራው ጽሑፍ ነው። የእኔ ትንተና አይደለም፤ ግን በደንባችን የጸሐፊነት መብት ያገኘ አባል ሁሉ ስሙ በሁሉም ጽሑፍ ላይ ይወጣል። ሦስት ሺህ ገደማ ስም በፊደል ተራ፣ ገጽ በገጽ። ፈረንጆቹ የሚጽፉት የቤተሰብ ስም ነው። የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይቀመጥና ሙሉ ሆኖ የሚታየው የአባቴ ስም ነው።

ነገርኩት። ስልኩን ከእጄ ወሰደው። መነጽሩን አጠለቀ። የስልኩ ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈ።

"ላሳይህ አባዬ፣ ወደ ታች ነው ያለው" አልኩት።

"ተይ፣ አትንገሪኝ" አለ። "እኔው አገኘዋለሁ።"

በጣቱ ገጹን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።